ልጄ 7ኛ ገባች፤ ሳይጠሩኝ ሄጄ መምህሯን ባገኝ ነውር ነው?

የማራኪዋ እናት (መስከረም 7)

ሰላም የሀገሬ የጎንደር ልጆች፣ እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገራችሁ።

ልጄ ዘንድሮ 7ኛ ገባች። እስከ 6ኛ ድረስ እዚሁ ሰፈራችን ነበር የምትማረው። መምህራኖቿን ታክሲ ስጠብቅ አገኛቸዋለሁ፣ ነገር ካለ እዚያው ቆመን እናወራለን። አሁን ትምህርት ቤቱ ራቀ። መምህሩም ለየትምህርቱ ሌላ ሌላ ሰው ነው። ማንን ይዤ ማንን እንደምጠይቅ ግራ ገብቶኛል።

አንድ የታዘብኩት ነገር አለ። ትምህርት ቤት ወላጅ የሚጠራው ለሁለት ጉዳይ ነው፤ ለገንዘብና ለጥፋት። መዋጮ ሲኖር «ስብሰባ አለ» ይባላል። ልጅ ሲያጠፋ «ወላጅ ይዘህ ና» ይባላል። ከዚያ ውጪ የምንተያየው ሰኔ 30 ካርድ ልንቀበል ነው። የታላቅ ወንድሟ ሒሳብ ኅዳር ላይ ተበላሽቶ እኔ የሰማሁት ሰኔ 30 ነው። መምህሩ «ደብዳቤ ልኬ ነበር እኮ» አሉኝ። ልጁ ደብዳቤውን ከኪሱ አላወጣውም። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

ዘንድሮ ቀድሜ መሄድ አስቤያለሁ። ባለቤቴ ግን «ምን አጠፋች ብለው ቢጠይቁሽ ምን ልትመልሺ ነው፣ ተይው» ይለኛል። እስቲ የምታውቁ ንገሩኝ። መቼ ልሂድ? ሄጄስ ምን ልበል?

ባለባጃጁ (መስከረም 7)

ባልሽ እውነቱን ነው፣ ወላጅ ግቢ ከታየ ሁሉም «ልጁ ምን አድርጎ ይሆን» ነው የሚለው።

ባለፈው ዓመት አንድ ጎረምሳ ከፒያሳ ተሳፍሮ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስንደርስ «ጋሼ፣ ለትንሽ ደቂቃ አጎቴ ሁንልኝ፣ ሒሳቡን እጥፍ እከፍላለሁ» አለኝ። እምቢ አልኩት። ወዲያው ከኋላዬ የቆመውን ባለባጃጅ ለመነ። እሱ እሺ ብሎት ሲገባ በዓይኔ አይቻለሁ። እናም መምህራን ሆይ፣ ያነጋገራችሁት «አጎት» ምናልባት ጓደኛዬ ነው። 😂

ክፍል ኃላፊ (መስከረም 8)

መምህር ነኝ። የት እንደማስተምር ይቅር። ባለባጃጁ፣ እኛም እናውቃለን። የውሸት አጎት ልጁን በሙሉ ስሙ መጥራት ያቅተዋል።

እህቴ፣ ነውር የለውም። እንዲያውም ደስ ይለናል። ግን አሁን አትምጪ። መስከረም መጀመሪያ ላይ እኛም ራሳችንን አናውቅም። ምዝገባው አላለቀም፣ ሴክሽን ይቀላቀላል ይከፈላል፣ ድልድሉ ይቀያየራል። ዛሬ የልጅሽ ክፍል ኃላፊ የተባለው ሰው ሳምንት ላይ ላይሆን ይችላል። መስቀል ይለፍ። ከመስቀል በኋላ ነገሩ ይረጋል፣ ፈተና ደግሞ ገና ነው። ያቺ መሃል ላይ ያለች ጊዜ የእናንተ ናት።

ስትመጪም ደወል ሊደወል ሲል በር ላይ አትያዢው። ልጅቷን «ሆምሩምሽ ክፍት ክፍለ ጊዜ ያለው መቼ ነው?» ብለሽ አስጠይቂያት። ፈረቃ ያለበት ትምህርት ቤት ከሆነ ይኼ የግድ ነው። ጠዋት የገባ መምህር ከሰዓት ላይገኝ ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ወላጅ ሲመጣ የመጀመሪያ ጥያቄው «ልጄ እንዴት ናት?» ነው። ጥቅምት ላይ ይኼን ብትጠይቂኝ «ደህና ናት» ነው የምልሽ፣ ምክንያቱም ገና ስሟን በቅጡ አልያዝኩትም። በዓመቱ መጀመሪያ ላይ የምታውቂው አንቺ ነሽ፣ የማላውቀው እኔ ነኝ። ስለዚህ ልትጠይቂ ሳይሆን ልትነግሪ ነይ። ዓይኗ ሰሌዳ ላይ ከሩቅ ያያል? ጆሮዋስ? አስም፣ የሚጥል በሽታ አለባት? ማታ ቤት ውስጥ ማን አለ? ውሃ የመጣ ቀን የምትቀዳው እሷ ናት? (በእኛ ከተማ የሚቀሩትን ልጆች ምክንያት ብትቆጥሩ ውሃ ቀላል ቦታ አይይዝም።) ሲቆጧት ዝም የምትል ናት ወይስ የምትናገር? ባለፈው ዓመት ምን ከበዳት? ይኼን ከነገርሽኝ እኔ በራሴ ኅዳር ላይ የምደርስበትን አንቺ በአጭር ጊዜ አስይዘሽኝ ሄድሽ ማለት ነው።

ስልክሽን በራስሽ እጅ ጽፈሽ ስጪ። በምዝገባ ቅጹ ላይ ያሉት ስልኮች ብዙዎቹ አይሠሩም፣ ወይም ልጁ ራሱ ነው የሚያነሳቸው።

አንድ የማይጣፍጥ እውነት ልጨምር። መስፈርቱ ለአንደኛ ደረጃ በአንድ ክፍል 50፣ ለሁለተኛ ደረጃ 40 ተማሪ ይላል። የእኔ ክፍል ከሁለቱም ይበልጣል። ለሁሉም ልደውል ብል ካርዱ ከደመወዜ ነው የሚወጣው። ስለዚህ የምናውቀው የመጣውን ወላጅ ልጅ ነው። ይኼ ልክ ነው ብዬ አይደለም፣ ያለው ነገር እሱ ስለሆነ ነው።

የቀን ሠራተኛ (መስከረም 8)

መምህር፣ የመጨረሻዋን አንቀጽ ደጋግሜ አነበብኳት። እንግዲህ የእኔ ልጅ አይታወቅም ማለት ነው።

እኔ ግንባታ ላይ ነው የምሠራው። ጠዋት ካልተገኘሁ የዚያ ቀን ሒሳብ የለም። ስብሰባ የሚጠራው ደግሞ ሁልጊዜ በሥራ ቀን ጠዋት 4 ሰዓት ነው። ስቀር «ለልጁ ግድ የሌለው አባት» ይባላል። ለልጄ ግድ ስላለኝ ነው ድንጋይ የምሸከመው። «ወላጅ አልተባበር አለ» የሚል ሰው መጀመሪያ ሰዓቱን ይመልከት።

ጡረተኛው ርዕሰ መምህር (መስከረም 9)

ልጄ፣ እውነትህን ነው። ይኼን ጉዳይ ከአንድ ትምህርት ቤት በላይ ላይ አይቼዋለሁ።

ወረቀቱ ላይ ወላጅ ትልቅ ቦታ አለው። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ትምህርት ቤት ከኅብረተሰቡ ጋር ይተዳደር ይል ነበር። በኋላ የመጣው የትምህርት ቤት ማሻሻያ ፕሮግራምም አራት ዓምዶች አሉት፤ መማር ማስተማር፣ ምቹ የትምህርት ቤት አካባቢ፣ አመራር፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎ። ወላጅ ራሱን የቻለ ዓምድ ነው ማለት ነው። የወላጅ መምህር ኅብረቱም፣ ወመህ የምንለው፣ የተቋቋመው ለዚሁ ነው። ግን በተግባር አራተኛው ዓምድ አጥርና ወንበር ማሠሪያ ሆነ። ወመህ ሲሰበሰብ አጀንዳው ብር ነው። ብር ቢያስፈልግም፣ ሰው ለብር ብቻ ሲጠራ እግሩ ይከብዳል።

እኔ የሚሻለውን ካየሁት ልናገር። ጠቅላላ ስብሰባ ጥቅሙ ትንሽ ነው። ሜዳ ላይ አንድ ሺህ ሰው ሰብስበህ በማይክራፎን ብትናገር የአንድም ልጅ ስም አይነሳም። ስብሰባው በሴክሽን ይሁን። የአንድ ክፍል ወላጆች በዚያው ክፍል፣ ልጃቸው በሚቀመጥበት ዴስክ ላይ ይቀመጡ። ያኔ ወላጁ ሰሌዳው ከዚያ እንደማይታይ በራሱ ዓይን ያያል፤ አምፖል አለመኖሩን ያያል፤ አጠገቡ የተቀመጠው ሰው የልጁ ጓደኛ አባት መሆኑን ያውቃል። የሚናገሩት ክፍል ኃላፊውና የሒሳብ፣ የእንግሊዝኛ መምህራን ይሁኑ። ርዕሰ መምህሩ ሰላም ብሎ ይውጣ። (ብዙዎቻችን ንግግር እንወድዳለን፤ እኔም የዚያው ወገን ነኝ።) ሰዓቱ እሑድ ከሰዓት፣ ቢረዝም አንድ ሰዓት። መዋጮ በዚያ ቀን አይነሳ፣ ጨርሶ።

መጥሪያውን ደግሞ በልጅ እጅ ብቻ አትላኩ። በዕድር፣ በሰንበቴ፣ ከቅዳሴ በኋላ ይነገር። በእኛ ከተማ የዕድር ለፋፊ ያላደረሰው መልእክት የለም።

የአዲስ ዓለም ልጅ (መስከረም 9)

ጋሼ፣ በሐሳብዎ እስማማለሁ፣ አንድ ነገር ግን ይጨመር። ከቅዳሴ በኋላ የሚነገረው አዲስ ዓለም አይደርሰንም። መስጊድም ይነገር፤ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሰው ሙሉ ነው። እሑድ ከሰዓት ለእኛም ይመቻል። ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ግን ወላጅ አትጥሩ። ተደርጎ አይተናል።

ጡረተኛው ርዕሰ መምህር (መስከረም 9)

ልክ ነሽ ልጄ፣ ይጨመር።

ሳይኮሎጂ 3ኛ ዓመት (መስከረም 10)

ሰላም፣ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። በዚህ ዘርፍ የታወቁት የጆንስ ሆፕኪንሷ ጆይስ ኤፕስታይን የቤትና የትምህርት ቤትን ትብብር በስድስት ይከፍሉታል፤ ልጅ አስተዳደግ፣ መገናኘት፣ በፈቃድ ማገልገል፣ ቤት ውስጥ ማስተማር፣ ውሳኔ ላይ መሳተፍ፣ ከማኅበረሰቡ ጋር መተባበር። እዚህ የምታወሩት ስለ ሁለተኛው ብቻ ነው። ሌሎቹ አምስቱም…

ባለባጃጁ (መስከረም 10)

ወንድሜ ፈተናው ገና ነው፣ ተረጋጋ። 😄

በእህቷ ልጅ ስልክ (መስከረም 10)

የምትጽፈው የእህቴ ልጅ ናት፣ ቃሉ የእኔ ነው። ሦስት ልጆች አሉኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ትምህርት ቤት ስሄድ «የቤት ሥራቸውን ይከታተሉ» ይሉኛል። በምን ዓይኔ? እዚያ ስቀመጥ አፍራለሁ። ልጄም የምታፍርብኝ ይመስለኛል። ስለዚህ መሄድ ተውኩ።

ቤት የማደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ማታ ደብተራቸውን ተቀብዬ እገልጣለሁ። ቀይ እስክሪብቶ እፈልጋለሁ። ቀይ ካለ መምህር አይቶታል። ስንት ቀን ሙሉ ቀይ ከሌለ «ለምንድን ነው?» እላለሁ። ባዶ ገጽ ከበዛም እጠይቃለሁ። ይኼ ክትትል ይባላል?

ሳይኮሎጂ 3ኛ ዓመት (መስከረም 10)

እናቴ፣ በሚገባ ይባላል። ባለባጃጁ ይታገሰኝና አንድ ጥናት ልጥቀስ፣ ለእርስዎ ስለሚጠቅም ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ናንሲ ሂልና ዳያና ታይሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በመካከለኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ የተሠሩ 50 ጥናቶችን አንድ ላይ መረመሩ። የቤት ሥራ ማገዝ ከልጁ ውጤት ጋር ያለው ግንኙነት ወጥ ሆኖ አልተገኘም። ከሁሉ ይበልጥ ከውጤት ጋር የተያያዘው ወላጅ ስለ ትምህርት ጥቅም ማውራቱ፣ ከልጁ የሚጠብቀውን መንገሩ፣ ስለ ነገ ዓላማው አብሮት መነጋገሩ ነው። ጥናቱ የሌላ አገር ቢሆንም ነገሩ ቤታችን ያለ ነው። ለዚህ ደግሞ ፊደል አያስፈልግም።

ክፍል ኃላፊ (መስከረም 10)

የቀይ እስክሪብቶዋ ነገር አሳፈረችኝ። ነገ የማርመው ደብተር ተቆልሏል።

እናቴ፣ ይምጡ። መጥተው «ማንበብ አልችልም፣ በቃል ይንገሩኝ» ይበሉ። ይኼን ያለኝ ወላጅ ላይ የሚስቅ መምህር ካለ ጥፋቱ የመምህሩ ነው። አንድ ነገር ልጨምርልዎ። ማታ ልጅዎን «ዛሬ የተማርሽውን ለእኔ አስረጂኝ» ይበሏት። ያልገባትን ነገር ማስረዳት አትችልም፣ ስትደናቀፍ ያውቁባታል።

ድሮ ቀረ (መስከረም 11)

እኛ ስንማር አባቴ መምህሩን «ሥጋው የእርስዎ፣ አጥንቱ የእኔ» ብሎ አስረክቦኝ ሄደ። ተገረፍን፣ ሰው ሆንን። አሁን ስብሰባ፣ ውይይት፣ ምናምን።

የማራኪዋ እናት (መስከረም 11)

ወንድም ዓለም፣ አባትህም እኮ ሄዶ ነው ያስረከበህ። መሄዱን ውሰድልኝ፣ ዱላውን ተወው። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 36 ላይ ልጅ በትምህርት ቤት አካሉን ከሚጎዳ ቅጣት ነፃ ነው ይላል።

የደምቢያ ገበሬ ልጅ አባት (መስከረም 12)

እናንተ ስለ ታክሲና ባጃጅ ታወራላችሁ። እኔ ያለሁት ደምቢያ ገጠር ነው። ልጄ 9ኛ ክፍል ነው፤ አዘዞ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ቤት ተከራይቶ ይማራል። በሶና ድርቆሽ እንልክለታለን። ቅዳሜ ገበያ ስወጣ አየዋለሁ። ቅዳሜ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው። እኔ ከተማ ስገባ መምህሩ የለም፣ መምህሩ ሲኖር እኔ አጨዳ ላይ ነኝ።

አምና ልጁ ወባ ይዞት ቤት መጥቶ ተኛ። ሲመለስ «ወላጅ አምጣ» ተባለ። የታመመ ልጅ አባቱን ሊያመጣ እንደገና ደምቢያ ወረደ፣ ሌላም ትምህርት አለፈው። መምህሩ ላይ አልፈርድም፣ ማን ነግሮት ይወቅ። መቼም ዝናቡ ካቆመ በኋላ እስከ ታኅሣሥ ድረስ የወባ ጊዜ ነው። ኅዳር ላይ ደግሞ ጤፍ ይታጨዳል፣ እጅ ያጥረናል። የገጠር ልጅ የሚቀረው በዚያ ሰሞን ነው። ይኼን መስከረም ላይ ማን ጋ ሄጄ ላስመዝግብ?

አዘዞ አከራይ (መስከረም 12)

አያ፣ የእርስዎ ልጅ እኔ ግቢ ያለ ባይሆንም እንደሱ ያሉ ልጆች አከራያለሁ። እኛ አከራዮች ሳንጠየቅ ወላጅ ሆነናል። ማታ አመሹ አልመሹ የምናውቅ እኛ ነን። ሲያማቸው ጤና ጣቢያ የምንወስድ እኛ ነን። ትምህርት ቤቱ ግን አያውቀንም። አንዴ ሄጄ ስለ አንዷ ልጅ ልናገር ስል ጥበቃው «ምኗ ነሽ?» አለኝ። «አከራይዋ ነኝ» ስለው ከበር መለሰኝ።

ወላጁ መስከረም ላይ ልጁን ሊያስመዘግብ ሲመጣ አከራዩን ይዞ ይሂድ፣ «እኔ በሌለሁበት እሷን አነጋግሩ» ብሎ ስልኳን ያስጽፍ። እኔ ዘንድሮ የተከራዩኝን ወላጆች ይኼን ካላደረጋችሁ ቤት አልሰጥም አልኳቸው። አኮረፉ፣ ግን አደረጉት።

ጡረተኛው ርዕሰ መምህር (መስከረም 12)

ይኼ ብልህ ሐሳብ ነው። የመዝገብ ቤት ሰዎች የሚያነቡ ከሆነ፣ በቅጹ ላይ «በከተማ የሚኖር ኃላፊ» የሚል አንድ መስመር ይጨምሩ። ምንም ወጪ የለውም። አያ፣ እርስዎም አሁን ልጁ በሚቀርበት ሰሞን ምክንያቱን ለክፍል ኃላፊው በስልክ ያሳውቁ። ካልተነሳ ቆይተው ይደውሉ፤ ሲያነሳም ሊያስተምር ሊገባ ይችላልና አጭር ያድርጉት።

ወጣት አባት (መስከረም 13)

በቴሌግራም ግሩፕ ብንጨርሰውስ? የእህቴ ልጅ ትምህርት ቤት ግሩፕ አለው።

ክፍል ኃላፊ (መስከረም 13)

ሞክሬዋለሁ። ለማስታወቂያ ጥሩ ነው፤ ፈተና መቼ ነው፣ ዝግ ነው ክፍት ነው ለማለት። ስለ አንድ ልጅ ግን ግሩፕ ላይ አይወራም። አንዷ እናት የልጇን ውጤት ለጠፈች፣ ሌላዋ «የእኔስ ለምን አነሰ» አለች፣ እኩለ ሌሊት ድረስ ተጨቃጨቁ። ደግሞ ስማርት ስልክ የሌለው ወላጅ እዚያ የለም። ኢንተርኔት ሲጠፋ እንዴት እንደሆንንም ሁላችንም እናውቃለን። ተራ የስልክ ጥሪ ይሻላል። ሚስኮል አድርጉልኝ፣ ስችል እደውላለሁ።

10ኛ ክፍል ተማሪ (መስከረም 14)

ተማሪ ቢጽፍ ይቻላል? ወላጅ መምጣቱን አንጠላም። የምንጠላው ሳንሰማ መምጣቱን ነው። እናቴ መጥታ ከመምህሩ ጋር ተነጋግራ ማታ ቤት ስገባ ነው የሰማሁት። ምን እንደተባለ ለማወቅ ሌሊቱን አልተኛሁም፤ የተባለው ደግሞ «ጎበዝ ነው፣ ድምፁን ግን ያሳድግ» ነበር። ቢቻል እኛም እንኑር። ካልሆነም ቀድማችሁ ንገሩን። ሰው ፊት ደግሞ አትቆጡን፣ በተለይ ሴቶች ባሉበት።

ባለባጃጁ (መስከረም 14)

የመጨረሻዋን እደግፋለሁ።

የማራኪዋ እናት (ጥቅምት 2)

ሄጄ መጣሁ። ለልጄ ማታውኑ ነገርኳት፣ መጀመሪያ ፊቷ ተለወጠ፣ በኋላ «እሺ፣ ግን ነጠላሽን አጣፊው» አለችኝ።

ክፍል ኃላፊዋ ወጣት ሴት ናት። ገና ስታየኝ «ምን ተፈጠረ?» አለች። «ምንም፣ ልነግርሽ ነው የመጣሁት» አልኳት። ወንበር ሰጠችኝ። ልጄን ግራ ጆሮዋን ከልጅነቷ ጀምሮ እንደሚያማት፣ ሲጮሁባት ሳይሆን ሳትሰማ ስትቀር ዝም እንደምትል ነገርኳት። አራተኛው ረድፍ ግድግዳው ጥግ ነበር የተቀመጠችው፣ መልካሙ ጆሮዋ ወደ ግድግዳው። ወደ ፊት አመጣቻት። ሌሎቹን መምህራን ግን አላገኘሁም። የእንግሊዝኛው ገና አልተመደበም ተባልኩ። ለሱም ዝግጁ ነኝ።

የጋሼን የሴክሽን ስብሰባ ሐሳብ አነሳሁላት። ርዕሰ መምህሩ ጋ ይዛኝ ገባች። መጀመሪያ «ጠቅላላ ስብሰባ አለን እኮ» አሉ። በኋላ ለእኛ ክፍል ብቻ ይሞከር ብለው ፈቀዱ። ብር አይነሳም ስላቸው ግን ትንሽ ቅር አላቸው።

እሑድ ከሰዓት ነው። የዚህ ክፍል ወላጅ እዚህ ያለ ካለ ይምጣ። የቀን ሠራተኛው፣ ያንተ ልጅ የት ነው የሚማረው?

የቀን ሠራተኛ (ጥቅምት 2)

7ኛ ነው። ሴክሽኑን ማታ እጠይቀዋለሁ። ስንት ሰዓት ነው?

የማራኪዋ እናት (ጥቅምት 2)

8 ሰዓት። 9 ሰዓት ላይ ዕድር ስላለ በሰዓቱ ነው የምንጀምረው። ሴክሽኑ የተለየ ከሆነም ና፣ ክፍል ኃላፊው ማን እንደሆነ እዚያው እናጠያይቅልሃለን።